ኦንቶሎጂ ከአርስቶትል የመጣ ቃል ነውን?

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። «ኦንቶሎጂ» ከአርስቶትል የመጣ ቃል እንደሆነና ከሜታፊዚክስ ጋርም አንድ እንደሆነ ተምሬ ነበር። አሁን የመመረቂያ ጽሑፌን ሳዘጋጅ የምርምር ዘዴ መጻሕፍት የኦንቶሎጂ አቋሜን እንድገልጽ ይጠይቁኛል፤ «እውነታ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ነው» ብሎ መጻፍ በቂ እንደሆነም ተነግሮኛል። የኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠና ጓደኛዬ ደግሞ እነሱ ዘንድ ኦንቶሎጂ የሚገነባ ነገር እንደሆነ ይነግረኛል። ትክክለኛው ትርጉም የትኛው ነው? ቃሉስ መቼና ከየት መጣ?

ምላሽ፦ አርስቶትል «ኦንቶሎጂ» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አልጻፈውም። ፕላቶም ሆነ ከእርሱ ቀድሞ ስለ ህላዌ፣ ማለትም ስለ መኖር፣ የጻፈው ፓርሜኒደስ አያውቁትም። ቃሉ የተሠራባቸው ሁለት ክፍሎች በእርግጥ የግሪክ ናቸው። «ኦን»፣ በአገናዛቢ ቅርጹ «ኦንቶስ»፣ «መሆን» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን «ያለ፣ የሆነ ነገር» ማለት ነው፤ «ሎጊያ» ደግሞ የአንድን ነገር ጥናት ወይም ትንታኔ ያመለክታል። ሁለቱን አጋጥመው አንድ ስያሜ ያደረጓቸው ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በላቲን ይጽፉ የነበሩ አውሮፓውያን መምህራን ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዎ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ይዟል፤ አንዱ የቃሉን ምንጭ፣ ሌላው ቃሉ የሚሰይመውን ጥያቄ ምንጭ የሚመለከት ነው። በሁለቱ መካከል ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ርቀት አለ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስካሁን ከሚታወቁት ጽሑፎች ቃሉ መጀመሪያ የተገኘው በስዊዘርላንዷ ሳንክት ጋለን የትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ያኮብ ሎርሃርድ በ1606 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሎርሃርድ በስምንት ክፍሎች ሰዋስውን፣ አመክንዮን፣ ሥነ ምግባርን፣ ፊዚክስንና ሌሎችንም የትምህርት ዓይነቶች ካቀረበ በኋላ የመጨረሻውን ክፍል «ሜታፊዚክስ ወይም ኦንቶሎጂ» ብሎ ሰየመው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1613፣ የማርቡርጉ ፈላስፋ ሩዶልፍ ጎክሌኒየስ ባሳተመው የፍልስፍና መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃሉን በግሪክ ፊደል ጽፎ የህላዌ ፍልስፍና መሆኑን አመለከተ። ዮሐንስ ክላውበርግ በ1647 «ኦንቶሶፊያ» የሚል ተፎካካሪ ስም አቅርቦ ነበር፤ ያ ስም አልዘለቀም። ቃሉን በመላው የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ያስገባው ጀርመናዊው ፈላስፋ ክሪስቲያን ቮልፍ ነው። በ1730 በላቲን ያሳተመው ሰፊ መጽሐፍ ርእሱ «የመጀመሪያው ፍልስፍና ወይም ኦንቶሎጂ» የሚል ነበር። በአንዳንድ ቆየት ያሉ ማጣቀሻዎች ላይ የቃሉ ፈጣሪ ጎክሌኒየስ፣ ክላውበርግ ወይም ቮልፍ እንደሆነ ተጽፎ ያገኛሉ፤ የሎርሃርድ መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ ትኩረት ስላላገኘ የመጣ ስሕተት ነውና አይከተሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሎርሃርድ ቃሉን ሲያስገባ «ሜታፊዚክስ ወይም ኦንቶሎጂ» ማለቱ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ሁለት ስሞች እንደቆጠራቸው ያሳያል። እርስዎ የተማሩት «ሁለቱ አንድ ናቸው» የሚል አባባል ከባዶ የተነሣ አይደለም ማለት ነው። ያም ሆኖ ዛሬ በዚህ መልክ ሊቀመጥ አይገባም፤ ምክንያቱን ለማየት ወደ አርስቶትል መመለስ ግድ ይላል።

«ሜታፊዚክስ» የሚለው ስምም የአርስቶትል አይደለም። እርሱ ያንን ጥናት አንዴ «የመጀመሪያው ፍልስፍና»፣ አንዴ «ጥበብ»፣ አንዴም «ሥነ መለኮት» ይለዋል። የስሙ መለዋወጥ ሥራው ሁለት ፊት እንዳለው ይጠቁማል። ዛሬ «ሜታፊዚክስ» በሚባለው ሥራው፣ በአራተኛው መጽሐፍ መክፈቻ ላይ፣ ያለውን ነገር፣ ያለ ነገር በመሆኑ ብቻ የሚመረምር አንድ ዕውቀት አለ ይላል። በስድስተኛው መጽሐፍ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ዕውቀት የማይንቀሳቀሰውንና ከቁስ የተለየውን፣ ማለትም መለኮታዊውን፣ የሚመለከት እንደሆነ ይናገራል። አንዱ ትርጓሜ ስላለው ነገር ሁሉ ነው፤ ሌላው ከሁሉ ስለሚልቀው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሁለቱ እንዴት አንድ ጥናት ሊሆኑ ይችላሉ? የአርስቶትል ተርጓሚዎች በግሪክ፣ በዐረብኛና በላቲን ለብዙ መቶ ዓመታት የተከራከሩበት ጉዳይ ይኸው ነው። በ1576 ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል ቤኔዲክት ፔሬራ ስለ ህላዌ በጠቅላላው የሚያጠናው ዕውቀት ስለ እግዚአብሔርና ስለ ረቂቃን ከሚያጠናው ተለይቶ መቆም እንዳለበት ጻፈ። አዲስ ስም ያስፈለገው በዚህ ጭቅጭቅ መካከል ነው፤ ቃሉ የተወለደው ለጌጥ ሳይሆን አንድ የተጫነ ስም ሁለት ሥራ መሸከም ስላቃተው ነው። ቮልፍ በኋላ ክፍፍሉን ሥርዓት አስያዘው። ጠቅላላ ሜታፊዚክስ የሚለውን ኦንቶሎጂ አለው፤ ልዩ ሜታፊዚክስ ለሚለው ደግሞ ዓለምን፣ ነፍስንና እግዚአብሔርን የሚመለከቱ ሦስት ጥናቶችን መደበ።

ዛሬ የሚሠራበት አነጋገር የዚህ ክፍፍል ወራሽ ነው። ሜታፊዚክስ ሰፊው ዘርፍ ነው፤ ስለ ነፃ ፈቃድ፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ምክንያትና ውጤት፣ ስለ አእምሮና አካል ግንኙነት ይጠይቃል። ኦንቶሎጂ በውስጡ ያለ፣ ምን ነገሮች እንዳሉና መኖራቸው ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ክፍል ነው። ድንበሩ ግን በሁሉም ዘንድ በአንድ መስመር አልተሰመረም፤ ሁለቱን ቃላት አሁንም እያፈራረቁ የሚጠቀሙ ከባድ ፈላስፎች አሉ። አንድ ጽሑፍ ሲያነቡ ደራሲው የትኛውን አጠቃቀም እንደያዘ ከዐውዱ መለየት የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

«ያለ ነገር፣ ያለ በመሆኑ ብቻ» የሚለው ሐረግ ብዙ ሰው እንደ ምሥጢር አንብቦ የሚያልፈው ነው፤ ነገሩ ግን ግልጽ ሊደረግ ይችላል። ሐኪም ሰውን ጤነኛ ወይም ሕመምተኛ በመሆኑ ይመረምረዋል። የፊዚክስ ሊቅ ያንኑ ሰው ክብደት ያለውና የሚንቀሳቀስ አካል በመሆኑ ያየዋል። ከእነዚህ ሁሉ ልዩ ገጽታዎች አስቀድሞ ግን ሰውየው አለ። አንድ ነው፤ ከራሱ ጋር ያው ነው፤ ባሕርያት አሉት፤ ከፊሉ ቢለወጥም እርሱነቱ ይቀጥላል። እነዚህ ነገሮች የሐኪሙም የፊዚክስ ሊቁም ጥናት የሚመሠረትባቸው ሲሆኑ፣ ሁለቱም እንደ ራሳቸው ርእስ አያነሧቸውም። ኦንቶሎጂ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

አርስቶትል ቀጥሎ ያለው ሐሳብ ለዘርፉ ሁሉ መሠረት ሆኗል፤ «አለ» የሚለው ቃል በብዙ መንገድ ይባላል ይላል። የሰጠው ምሳሌ የጤናን ነው። ምግብ ጤናማ ነው እንላለን፣ የፊት ገጽታ ጤናማ ነው እንላለን፣ ሰውም ጤናማ ነው እንላለን። ምግቡ ጤናን ስለሚጠብቅ፣ ገጽታው የጤና ምልክት ስለሆነ፣ ሰውየው ግን ጤናው በእርሱ ውስጥ ስላለ ነው። ቃሉ በሦስቱም ቦታ ፍጹም አንድ ትርጉም የለውም፤ ፈጽሞ የማይገናኙ ሦስት ትርጉሞችም አይደሉም፤ ሁሉም ወደ አንድ ማእከል ያመለክታሉ። መኖርም እንደዚያው ነው። ፈረሱ አለ፣ የፈረሱ ቀለም አለ፣ ፈረሱ ከበሬው መቅደሙ አለ፤ ነገር ግን ቀለሙና መቅደሙ ያለ ፈረሱ ሊኖሩ አይችሉም። አርስቶትል በራሱ የሚቆመውን ነገር ከሌሎቹ የሚያስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው። በተለምዶ የሚጠቀሱት ዐሥሩ የነገር ምድቦች፣ ማለትም ነገሩ ራሱ፣ ብዛቱ፣ ዓይነቱ፣ ግንኙነቱ፣ ቦታው፣ ጊዜውና ሌሎቹ፣ ከዚህ ሐሳብ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሌላው ትልቅ እርምጃ የኢብን ሲና ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ይህ ፈላስፋ የአንድን ነገር ምንነት ከህልውናው ለየ። ሦስት ማእዘን ምን እንደሆነ በሚገባ ተረድተን ሳለ፣ በዓለም ላይ አንድም ሦስት ማእዘን መኖሩን ልንጠራጠር እንችላለን፤ ስለዚህ «ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ «አለ ወይ?» ከሚለው የተለየ ነው። ይህ ልዩነት ወደ ላቲን ተሻግሮ ከቶማስ አኲናስ ጀምሮ ያለውን ክርክር ቀረጸው። በእኔ እምነት ኦንቶሎጂን ለሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት ሊያዝ የሚገባው ይህ ልዩነት ነው፤ ግማሹ ግራ መጋባት ሁለቱን ጥያቄዎች እንደ አንድ ከመቁጠር ይመጣል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1781 ሁለት ነገሮችን አደረገ። አንደኛ፣ «አለ» ማለት በነገሩ ላይ አንድ ተጨማሪ ባሕርይ መጨመር እንዳልሆነ አሳየ፤ በሐሳብ ያለ መቶ ታለር (የዘመኑ የብር ገንዘብ) እና በኪስ ያለ መቶ ታለር በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ እኩል ናቸው፣ የሁለተኛው መኖር መቶውን መቶ አንድ አያደርገውም። ሁለተኛ፣ ስለ ነገሮች በራሳቸው ሥርዓት ያለው ዕውቀት እሰጣለሁ የሚለው ኦንቶሎጂ ኩሩ ስሙን ትቶ የሰውን አእምሮ የመረዳት አቅም ለሚተነትን ትሑት ጥናት ቦታ እንዲለቅ ጠየቀ። ከእግዚአብሔር ጽንሰ ሐሳብ ብቻ ተነሥቶ መኖሩን የሚደመድመው «ኦንቶሎጂያዊ ማስረጃ» የሚባለውም ስሙን ያገኘው ከካንት ነው። ማስረጃውን በ11ኛው ክፍለ ዘመን ያቀረበው አንሰልም እንዲህ ብሎ አልጠራውም፤ ሊጠራውም አይችልም ነበር፣ ቃሉ ገና አልነበረምና።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ በሁለት አቅጣጫ ተመለሰ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃይደገር በ1927 ስላሉት ነገሮች የሚቀርብን ጥያቄ መኖር ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ከሚቀርብ ጥያቄ ለየ፤ «ኦንቲክ» እና «ኦንቶሎጂያዊ» የሚሉት ጥንድ ቃላት በእርሱ ተከታዮች ጽሑፍ ውስጥ ሲገጥሙዎት የሚያመለክቱት ይህን ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኩዋይን ደግሞ በ1948 ጥያቄውን ወደ አጭሩ መልኩ መለሰው፤ «ምን አለ?» መልሱም በአንድ ቃል «ሁሉም ነገር» ሊባል እንደሚችል፣ ክርክሩ የሚቀረው በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ እንደሆነ ጻፈ። የእርሱ መለኪያ ለተመራማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው። አንድ ንድፈ ሐሳብ ምን ምን እንዳለ እንደተቀበለ ለማወቅ፣ ንድፈ ሐሳቡ እውነት እንዲሆን የግድ ምን መኖር እንዳለበት ይጠየቃል። «በ10 እና በ20 መካከል ለሁለት የሚካፈሉ ቁጥሮች አሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እውነት ነው ያለ ሰው ቁጥሮች አሉ ብሏል፤ አላልሁም ካለ ዓረፍተ ነገሩ በሌላ መንገድ እንዴት እንደሚነበብ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ይህ ሁሉ ተራ የቃላት ጨዋታ የሚመስላቸው አሉ። ስለ ቀዳዳ ያስቡ። ግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ መጠን አለው፣ ቅርጽ አለው፣ ሊቆጠርም ይችላል፤ ታዲያ ቀዳዳው ከግድግዳው ሌላ የሆነ ነገር ነው ወይስ ግድግዳው ያለበት ሁኔታ ነው? ወይም በሁለት አገሮች መካከል ስላለው ድንበር ያስቡ፤ አፈሩን ቢመረምሩት አያገኙትም፣ ነገር ግን ሰዎች ይታሰሩበታል፣ ጦርነትም ይነሣበታል። እንዲህ ባሉ ጉዳዮች ላይ የሚለያዩ ሁለት ሰዎች ስለ ግድግዳውና ስለ አፈሩ የሚታየውን ሁሉ ተስማምተው ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው በተጨማሪ ምልከታ አይፈታም። የዘርፉ ወሰንም ይኸው ነው፤ ኦንቶሎጂ በቤተ ሙከራ አዲስ ነገር አያገኝልንም። እንዲያውም ፈላስፋው ካርናፕ በ1950 ከአንድ የቋንቋ ማዕቀፍ ውጭ «ቁጥሮች በእርግጥ አሉን?» ብሎ መጠየቅ እውነተኛ ጥያቄ ሳይሆን የትኛውን ማዕቀፍ እንጠቀም የሚል ምርጫ ነው ብሎ ተከራክሯል። ይህ ክርክር አልተዘጋም፤ ማንም መምህር እንደተዘጋ አድርጎ ሊነግርዎ አይገባም።

አሁን ወደ መመረቂያ ጽሑፍዎ እንምጣ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ ክፍል እርሱ ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ የምርምር ዘዴ መጻሕፍት፣ በተለይ ስለ ምርምር ዘዴ ከጻፉት ከጉባና ከሊንከን ወዲህ፣ ተመራማሪው ሦስት ነገሮችን እንዲለይ ይጠይቃሉ፤ የሚያጠናው ነገር ምን ዓይነት ህልውና አለው፣ እንዴት ሊታወቅ ይችላል፣ በምን ዘዴ ይጠናል። የመጀመሪያው የኦንቶሎጂ፣ ሁለተኛው የሥነ ዕውቀት፣ ሦስተኛው የዘዴ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። «እውነታ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ነው» የሚለው መልስ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሳያስተውሉ መዝለል ነው። ሰዎች አንድን ነገር በተለያየ መንገድ ይረዱታል የሚለው እውነት ነው፤ በቃለ መጠይቅም ሊረጋገጥ ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ ነገሩ ራሱ እንደ ሰዎቹ ቁጥር ብዙ ነው ማለት ግን አይከተልም። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ውል ተቃራኒ ነገር ቢናገሩ፣ መጣላታቸው ራሱ የሚጣሉበት አንድ ውል መኖሩን ይዞ ነው። ደግሞም እውነታ በእርግጥ ለእያንዳንዱ የተለያየ ከሆነ የጥናትዎ ግኝት ለእርስዎ ብቻ እውነት ይሆናል፤ ገምጋሚው ሊቀበለውም ሊቃወመውም አይችልም።

እንዲህ የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሊሉ የፈለጉት ሌላና ትክክለኛ ነገር ነው። ገንዘብ፣ ጋብቻ፣ ሹመት፣ ሕግ ያለ ሰዎች ስምምነትና ልማድ ሊኖሩ አይችሉም፤ ተራራ ግን ይችላል። ፈላስፋው ጆን ሰርል በ1995 ይህን በሚገባ አብራርቶታል። ገንዘብ በመኖሩ ረገድ በሰዎች አእምሮ ላይ የተመሠረተ ነው፣ ስለ እርሱ የሚሰጠው ፍርድ ግን በማንም የግል አስተያየት ላይ የተመሠረተ አይደለም። በኪሴ ያለው ወረቀት ገንዘብ መሆኑ ከእኔ ስሜት ነፃ የሆነ ሐቅ ነው፤ እኔ ብቻዬን ገንዘብ አይደለም ብዬ ባስብ ሐቁ አይለወጥም። «በሰዎች የጋራ ተቀባይነት የሚኖር» እና «ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ» እጅግ የተራራቁ አቋሞች ናቸው። የመጀመሪያውን መያዝ ይቻላል፤ ሁለተኛውን በማስረጃ የሚከላከል ተማሪ እስካሁን አላየሁም።

የጓደኛዎን አጠቃቀም በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች ቃሉን ከፍልስፍና ተውሰው ለሌላ ሥራ አዋሉት። ቶም ግሩበር በ1993 በዚህ መስክ ኦንቶሎጂን የአንድ ጽንሰ ሐሳባዊ አወቃቀር ግልጽ መግለጫ ብሎ ተረጎመው፤ ማሽን ሊያነበው በሚችል ቋንቋ የአንድ መስክ ነገሮች፣ ዓይነቶቻቸውና ግንኙነቶቻቸው የሚመዘገቡበት ሰነድ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ቃሉ ብዙ ቁጥር ይቀበላል፣ ይገነባል፣ ይሻሻላልም። እንዲህ ያለ ሰነድ በልብ ወለድ ያሉ ፍጥረታትን እንኳ ሊመዘግብ ይችላል፤ በመመዝገቡ ግን መኖራቸውን አላረጋገጠም። አጠቃቀሙ በመስኩ ትክክል ነው፤ ከእርስዎ ጽሑፍ ጋር ግን አይቀላቅሉት። በዚሁ አጋጣሚ «ዲኦንቶሎጂ» የሚለውን የሥነ ምግባር ቃል ከኦንቶሎጂ የወጣ አድርገው የሚያስተምሩ አሉ፤ እርሱ «ዴኦን» ከሚለው፣ ግዴታን ከሚያመለክት ሌላ የግሪክ ቃል የመጣ ነው፣ ዝምድና የላቸውም።

ምክሬ ይህ ነው። በምርምር ዘዴ ምዕራፍዎ የቃሉን ታሪክ ለማስገባት አይድከሙ፤ አማካሪዎ የግድ ከጠየቀዎ ጥያቄው በአርስቶትል በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደተቀረጸ፣ ስሙ ግን በ1606 በሎርሃርድ መጽሐፍ እንደተገኘ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከዚያ የሚያጠኑትን ነገር በስሙ ይጥሩት፤ ጋብቻ ከሆነ ጋብቻ፣ ድርጅት ከሆነ ድርጅት፣ ሕመም ከሆነ ሕመም። ያ ነገር ሰዎች ባያስቡበትም ይኖር እንደሆነ፣ ካልሆነ በማን ተቀባይነትና በምን ዓይነት ልማድ እንደቆመ ይግለጹ። ስለ እርሱ እንዴት ሊያውቁ እንደሚችሉ በሌላ አንቀጽ ለይተው ያስቀምጡ። ተጠያቂዎችዎ የተለያየ አረዳድ ቢኖራቸው ይህን በግኝት ምዕራፍ ያቅርቡ፤ የኦንቶሎጂ አቋም ውስጥ ቦታ የለውም። «እውነታ ለእያንዳንዱ የተለያየ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ጽፈውት ከሆነ ከረቂቁ ያውጡት።